ከቦዩ ዳር የታየ ማሳ

(ቆቦ ሜዳ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፤ አዛውንቱ ገበሬ ይመር ባለቤታቸው እንትሻ ለቅሶ በሄደችበት ቢጫ የሆነውን ቲማቲሟን እየነቀሉ ሦስተኛው መደብ ላይ ደርሰዋል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ የነበረው ወንድይፍራው ሞተሩን መንገድ ላይ ጥሎ፣ የጀርባ መርጫውን እንዳዘለ ሮጦ ደርሶ እጃቸውን ይዟል።)

ይመር፦ ልቀቀኝ አልኩህ! ማነህ አንተ? እንትሻ ሳትመለስ መጨረስ አለብኝ።

ወንድይፍራው፦ ጋሽ ይመር፣ ኧረ በአላህ! ከእንግዲህ አንዲት ችግኝ እንኳ አይንቀሉ።

ይመር፦ ቆይ እስቲ፣ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወንድይፍራው ነህ እንዴ? የግብርናው ወንድይፍራው!

ወንድይፍራው፦ ነኝ።

ይመር፦ አብሽር! አብሽር ልጄ! ሸብተሃል እኮ። እንግዲያውማ ልታግዘኝ ይገባሃል እንጂ እጄን ትይዛለህ? የምሠራው ያንተን ትምህርት ነው። «ቢጫ ቅጠል በሽታ ነው፤ ዛሬውኑ ነቅለው ያቃጥሉት፤ ካደረ ለጎረቤት ይተርፋል» ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ወንድይፍራው፦ ብያለሁ።

ይመር፦ ታዲያ! እኔ እንደሁ ተማሪህ ነኝ፣ ቃልህን አንድ አልጣልኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ለእንትሻ ነግሬያት ነበር፤ ይህ መሬት ቲማቲም አይወድም፣ ተይ ብያት ነበር። እሷ መች ትሰማለች። «የልጄ ማሳ ላይ ማሽላ ማየት ሰለቸኝ» ብላ፣ ሳታማክረኝ ችግኝ ተሸክማ መጥታ ተከለችው። ይኸው፣ ወር ሳይሞላው ቢጫ ለበሰ።

ወንድይፍራው፦ እንዲነቀል ተስማሙ እትዬ እንትሻ?

ይመር፦ ብትስማማማ ተደብቄ እነቅላለሁ? ጠዋት ጠዋት እየመጣች ቅጠሉን በእጇ ትዳብሳለች፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር። ዛሬ የእህቷ አማት ሞቱና ለቅሶ ሄደች። እኔም ይኼኔ ነው አልኩ። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ለሌላ ነገር ለማልቀስ እንባ አይቸግረውም፤ በዚያው ይወጣላታል።

ወንድይፍራው፦ ጋሽ ይመር፣ በሽታ አይደለም።

ይመር፦ ምኑ?

ወንድይፍራው፦ ይህ የያዙት። ቅጠሉን ይዘርጉትና ይዩት። ደም ሥሩ አረንጓዴ ነው፤ ቢጫ የሆነው በደም ሥሮቹ መሃል ያለው ነው። ደግሞ የገረጣው የላይኛው፣ አዲሱ ቅጠል ነው። የታችኛው ደህና ነው። አልተጨማደደም፣ አልተጠቀለለም። ይህ ረሃብ ነው።

ይመር፦ ረሃብ? ማዳበሪያውን እስኪጠግብ በልቶ? በዚህ ሜዳ እንደኔ ማሳ የጠገበ የለም!

ወንድይፍራው፦ ሌላ ነው የራበው። የብረት ረሃብ ነው።

ይመር፦ የምን?

ወንድይፍራው፦ የብረት።

ይመር፦ አንተ ልጅ፣ ከተማ ምን አበሉህ? ታዲያ ማረሻዬን ነቅዬ ከሥሩ ልቅበርለት?

ወንድይፍራው፦ ቢቀብሩለትም አይጠቅመው። መሬቱ ብረት አጥቶ አይደለም። ይህን ነጭ ነጩን አዩት? ኖራ ነው። የጉድጓዱም ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ኖራው ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ሥሩ እላዩ ላይ ተኝቶ መሳብ አይችልም።

ይመር፦ ጎተራው ሙሉ፣ ቁልፉ የጠፋ።

ወንድይፍራው፦ ልክ እንደሱ።

ይመር፦ ታዲያ በር ተሰብሮ ነው የሚገባው?

ወንድይፍራው፦ በሥሩ እምቢ ካለ በቅጠሉ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው የብረት ጨው፣ ትንሽ ሎሚ፣ ከቅጠሉ እንዲጣበቅ ደግሞ ሳሙና ጠብ ማድረግ። ይኸው፣ በጥብጬ የያዝኩት ነው፤ ለሌላ ሰው ማሳ ነበር። ቅጠሉ ራሱ ይጠጣዋል።

ይመር፦ ሎሚና ሳሙና! የእንግዳ እጅ ልታስታጥብ ነው እንጂ ይህ መድኃኒት ነው?

ወንድይፍራው፦ ከበዛ ያቃጥላል፣ በቀትር ከረጩትም ያቃጥላል። እንዲህ እንደ አሁኑ ፀሐይ ስትበርድ ነው። በሰባት ስምንት ቀን አረንጓዴው ይመለሳል። ከዚያ በየዐሥር በየዐሥራ አምስት ቀኑ መድገም ነው፣ ምክንያቱም ብረት ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ አይሻገርም። አዲስ ቅጠል ባወጣ ቁጥር አዲስ ይጎርሳል።

ይመር፦ በሰባት ቀን?

ወንድይፍራው፦ በሰባት፣ ግፋ ቢል በስምንት።

ይመር፦ አላህ ያክብርህ! በጊዜ ነው የደረስክ። የጠፋው ሁለት መደብ ነው፣ ይህ ሦስተኛው ገና መጀመሩ ነው። እንትሻን አንድ ነገር ብዬ አረሳሳታለሁ፤ ፍየል ገባ እላለሁ። በል እርጭ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል? ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?

ወንድይፍራው፦ ጋሽ ይመር...

ይመር፦ ቆይ።

ወንድይፍራው፦ አቤት።

ይመር፦ የዚያን ዓመቱም ደም ሥሩ አረንጓዴ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ነበር።

ይመር፦ ልጄ ኑርዬ ነው ያሳየኝ። ቅጠሉን መዳፉ ላይ እንደ ደብዳቤ ዘርግቶ «አባ፣ አልሞተም እኮ፣ ደም ሥሩን እየው» አለኝ።

ወንድይፍራው፦ አስታውሳለሁ። አጠገባችሁ ነበርኩ።

ይመር፦ አጠገባችንማ አልነበርክም። ከቦዩ ዳር ነበርክ። ማሳው ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ነበር፣ አንተ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርገህ ነበር፣ ቡናማ። ልጄ «ይግቡና ከቅርብ ይዩት» ብሎ ለመነህ።

ወንድይፍራው፦ አልገባሁም።

ይመር፦ ከማዶ ሆነህ በጣትህ ጠቁመህ «በሽታ ነው» አልክ።

ወንድይፍራው፦ ቀበሌ ስብሰባ ይጠብቀኝ ነበር። የተማርኩትም ጤፍና ማሽላ ነው፤ ስለ ቲማቲም የነበረኝ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ማለት በሽታ ነበር። የጎረቤቱም ማሳ እንዳይያዝ ፈራሁ።

ይመር፦ ሰበብ ነው የምትነግረኝ ወይስ የሆነውን?

ወንድይፍራው፦ ሁሉም የሆነ ነው። ግን ያስቀረኝ ጫማዬ ነው። ብገባና ቅጠሉን ብይዘው ምናልባት እጠራጠር ነበር።

ይመር፦ እሺ። ሰው ይሳሳታል። ዛሬ በመንገድ ስታልፍ አየኸው፣ ገባህ፣ ሮጠህ መጣህ። እንደዚያ ነው?

ወንድይፍራው፦ አይደለም።

ይመር፦ እንዴት አይደለም?

ወንድይፍራው፦ ካወቅኩ አራት ዓመቴ ነው። ተመልሼ ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ የቅጠል ፎቶ በግድግዳው ላይ አበራልን። የኑርዬን ቅጠል አየሁት። ሌላው ሲጽፍ እኔ እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ።

ይመር፦ አራት ዓመት?

ወንድይፍራው፦ በየሳምንቱ በዚህ መንገድ አልፋለሁ። እዚህ ማሳ ጋ ስደርስ ሞተሩን አፈጥነዋለሁ። ማሽላ ሆኖ ሳየው «አለፈ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠቀማል» እላለሁ ለራሴ። ዛሬ ግን ቲማቲም ሆኖ አየሁት። ቢጫ ሆኖ፣ እርስዎም ጎንበስ ብለው። ሁለተኛ ጊዜ ላስነቅልዎ አልቻልኩም።

ይመር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወንድይፍራው፦ ይገባኛል።

ይመር፦ አይገባዎትም! አይገባዎትም፣ አቶ ወንድይፍራው!

ወንድይፍራው፦ ጋሽ ይመር፣ እባክዎ እንዲህ አይጥሩኝ።

ይመር፦ እንዴት ልጥራዎት? የተማሩ፣ የመንግሥት ሰው ነዎት። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ልጄ አንድ ነገር ተናገረ፣ እርስዎም አንድ ነገር ተናገሩ። የማንን ሰማሁ? «ዝም በል፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልኩት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። እርስዎም ሳቁ።

ወንድይፍራው፦ ስቄያለሁ።

ይመር፦ ስምንት መደብ ብቻውን ነው የቆፈረው። የጉድጓዱ ሞተር የተበላሸ ጊዜ ውሃ በትከሻው አመላልሶ ነው ያቆየው፤ ትከሻው ተልጦ እናቱ ቅቤ ትቀባው ነበር። የሚያገባትን ልጅ ጠይቀንለት፣ ሰርጉን ከምርቱ በኋላ ብለን ነበር። ያን ሁሉ በገዛ እጁ አስነቀልኩት። እሳቱንም የለኮሰው እሱ ነው። እርጥብ ስለነበር አልነድ ብሎ ጎንበስ ብሎ ሲያራግብ ዓይኑ ቀላ። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ጭሱ ነው አባ» አለኝ። ጭሱ ወደኔ ነበር የሚነፍሰው።

ወንድይፍራው፦ መሄዱን የሰማሁት ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወርኩ በኋላ ነው።

ይመር፦ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሄደ፣ ከአብሮ አደጉ ጋር። በጅቡቲ አድርገው ወደ ባሕሩ። ጀልባዋ ስትገለበጥ አብሮ አደጉ ተርፎ ደወለልኝ። «ኑርዬ መዋኘት አይችልም ነበር» እያለ ያለቅሳል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «የት ይማር፣ እዚህ ያለን ቦይ ነው» አልኩት። እንግዲህ ልጄ ሞተ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። የት ይማር።

ወንድይፍራው፦ አላህ ያጽናዎ እንዳልል አፍ የለኝም።

ይመር፦ አይበሉ። መቃብር እንኳ የለውም። እንትሻ ዐረፋ በመጣ ቁጥር ሌላው ወደ መቃብሩ ሲሄድ እሷ ወደዚህ ትመጣለች፤ ማሽላው መሃል ገብታ ትቆማለች። ዘንድሮ «አንድ ጊዜ እንኳ ቀልቶ ልየው» አለች። ከለከልኳት፣ አልሰማችኝም። እኔ ደግሞ ይኸው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልነቅልባት።

ወንድይፍራው፦ ቀልቶ ያዩታል።

ይመር፦ ቃል አይግቡ! እርስዎ ቃል አይግቡ።

ወንድይፍራው፦ ልክ ነዎት፣ አልገባም። እንዲህ እናድርግ፤ አንድ መደብ ብቻ ልርጭ። ሌላው እንዳለ ይቆይ። በስምንተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ሁለቱን አስተያይተው ይዩ። ካልተመለሰ ማንንም ሳላስቸግር እኔው መጥቼ እነቅለዋለሁ።

ይመር፦ አንዱን መደብ ብቻ?

ወንድይፍራው፦ እንዲያምኑኝ ነው።

ይመር፦ እርስዎንማ አላምንም። እኔ ዛሬ ማመን የምፈልገው ኑርዬን ነው። ልጄን በአንድ መደብ ብቻ ልመነው? ሁሉንም ይርጩት።

ወንድይፍራው፦ እሺ። ልጀምር?

ይመር፦ ጭቃ ነው። ጠዋት ውሃ ጠጥቷል።

ወንድይፍራው፦ ገብቻለሁ እኮ ጋሽ ይመር። ይህን ሁሉ ስናወራ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ነኝ።

ይመር፦ እውነትም። አላየሁዎትም።

ወንድይፍራው፦ ከዚህ ዳር ልጀምር። ቅጠሉን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሆዱም ማርጠብ ያስፈልጋል፤ በሆዱ በኩል ይበልጥ ይጠጣል። እስኪንጠባጠብ ድረስ ግን አይደለም።

ይመር፦ በአንድ እጅ እየረጩ በአንድ እጅ እየገለበጡ አይሆንም። ቅጠሉን ይሰብሩታል።

ወንድይፍራው፦ ቀስ እላለሁ።

ይመር፦ ተው፣ አንተ ቧንቧውን ያዝ። እኔ እገለብጥልሃለሁ።

ወንድይፍራው፦ እሺ ጋሼ።

ይመር፦ እንዲህ?

ወንድይፍራው፦ እንዲያ። ትንሽ ቀና ያድርጉት።

ይመር፦ ሽታው የዛገ ቢላ ይመስላል። እነዚያስ የነቀልኳቸው? ሥራቸው ገና እርጥብ ነው።

ወንድይፍራው፦ መልሰን ብንተክላቸው...

ይመር፦ ይተርፋሉ?

ወንድይፍራው፦ ጥቂቱ ምናልባት። ብዙው አይተርፍም።

ይመር፦ እንዲህ ንገረኝ። የማይተርፈውን አይተርፍም በለኝ። ያን ጊዜም «አላውቅም» ብትለኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ አከብርህ ነበር። አንዲት «አላውቅም» ብቻ። እኔ አላውቅም፣ አንተም አላውቅም፤ ያኔ ሦስተኛውን ሰው እንሰማው ነበር።

ወንድይፍራው፦ ማለት አፈርኩ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁሉም አፌን ያያል።

ይመር፦ እሱ ሃያ ሁለት ነበር።

ወንድይፍራው፦ አዎ።

ይመር፦ ወደዚህኛው ዙር። ይህ ተዘሏል፣ እየው፣ ይህቺ ጫፏ ደርቃለች።

ወንድይፍራው፦ አየሁት። ጋሽ ይመር፣ በግራሩ ሥር ሰው እየመጣ ነው።

ይመር፦ እንትሻ ናት። አረማመዷን አውቀዋለሁ፣ ጉልበቷን ያማታል። ፈጥና መጣች።

ወንድይፍራው፦ ልንገራቸው። ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅዎ ልክ ነበር ልበላቸው።

ይመር፦ አትንገራት።

ወንድይፍራው፦ ምነው?

ይመር፦ እኔ አውቃታለሁ። እሷ ዘጠኝ ዓመት የቆመችው ተቀይማ ነው። «እናቱን ደህና ሁኚ ሳይል፣ ለማንም ሳይናገር እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ የሄደ» እያለች። ቂም ምርኩዝ ነው፤ ከእጇ ብትነጥቃት በምን ትቆማለች?

ወንድይፍራው፦ ታዲያ ልጃቸው ልክ እንደነበር ሳያውቁ ይኑሩ?

ይመር፦ ኖራለች እኮ።

ወንድይፍራው፦ አራት ዓመት ይዤው አየሁት፣ ጋሽ ይመር። እውነት ሲደበቅ አርፎ አይቀመጥም። ልጄን ስስም ይመጣል፣ ምግብ ስጎርስ ይመጣል። ዛሬ ቢሰድቡኝም፣ ቢመቱኝም ይሻለኛል።

ይመር፦ አንተ አራት ዓመት አልክ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ወንድይፍራው፦ እርስዎ ምን ደበቁ?

ይመር፦ እርጭ። እጅህን አታቁም፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው።

ወንድይፍራው፦ እየረጨሁ ነው።

ይመር፦ ሹልክ ብሎ አልሄደም።

ወንድይፍራው፦ ምን አሉኝ?

ይመር፦ ኑርዬ ሳይናገር አልሄደም። ያን ዕለት ማለዳ፣ ከሱብሒ ሰላት ስመለስ፣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ጉልበቴን ይዞ ተንበረከከ። «አባ፣ ልሄድ ነው። ለእማ ብነግራት አልቅሳ ታስቀረኛለች። አንተ ዱዓ አድርግልኝ፣ ከዚያ ደርሼ እደውልላታለሁ» አለኝ።

ወንድይፍራው፦ እና?

ይመር፦ ያኔ ያ ማሳ ገና በሆዴ ይጤስ ነበር። የሰፈሩ ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። «አንድ ችግኝ ማጽደቅ ያቃተው ባሕር ይሻገራል?» አልኩት። ለዱዓ እጄን አላነሳሁለትም። ጉልበቴን ሲለቅ ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው፣ ሐሳቤን እንድቀይር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ወንድይፍራው፦ እትዬ እንትሻ አያውቁም?

ይመር፦ ሲነጋ «ልጄስ?» አለችኝ፤ «አላየሁትም» አልኳት። በቃ፣ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሱን ስትረግም እየሰማሁ ሽሮዬን እበላለሁ።

ወንድይፍራው፦ ጋሽ ይመር...

ይመር፦ አትዘንልኝ። ከቦዩ ዳር ቆመህ የተሳሳትከው አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ቀሎኝ አድር ነበር። አየህ፣ ዓይኗ መደቦቹ ላይ ነው። ባዶዎቹን አይታለች።

ወንድይፍራው፦ አሁንስ፣ ምን እንበላቸው? ፍየል ገባ ልንል ነው?

ይመር፦ መርጫውን አውርድና ተከተለኝ። የቅጠሉን ነገር አንተ ትነግራታለህ፤ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ግን እኔ እቀድምሃለሁ።